ሞክሼዬና እኔ ዝምድና የለንም

እናቴ ከሞተች ወዲህ ስልኬ የሚጮኸው ቁልፍ ጠፍቶበት ደጅ የቀረ ሰው ሲኖር ብቻ ነበር። እሱም ቢሆን ስሜን አይጠራም። «ቁልፍ ቀራጩ ነህ? ቶሎ ድረስልኝ» ይልና ይዘጋል። ስለዚህ አንዲት ወጣት ሴት ደውላ ስሜን ከነአባቴ ከነአያቴ አሟልታ ስትጠራው ደነገጥኩ። እንዲያ ተሟልቼ የተጠራሁት ትምህርት ቤት ሳለሁ ነው፤ ያኔም ልገረፍ ነበር።

«ጋሼ፣ ከባንኩ የብድር ክትትል ክፍል ነው። የመኪናው ክፍያ ዘግይቶብዎታል።»

«የምን መኪና?»

«የተማሪ ማመላለሻው።»

«ልጄ፣ እኔ ብስክሌት እንኳ የለኝም!»

«ሁሉም እንደዛ ነው የሚሉት፣ ጋሼ» አለች በትሕትና።

ጮህኩባት። ቁጡ ሰው ነኝ፣ አልደብቅም። ቀኑን ሙሉ ብረት የሚፍቅ ማሽን አጠገብ የሚውል ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ መናገር ይረሳል። በሚቀጥለው ሳምንት ያችው ልጅ ደወለች፤ ያው ትሕትና፣ ያው «ጋሼ»። አሁንም ጮህኩባት። ከዚያ ወዲያ ስትደውል ጉንፋን ይዟት አፍንጫዋ ተዘግቶ ነበር። ከመጮኼ በፊት ትኩስ ነገር እንድትጠጣ መከርኳት። እየዋለ እያደረ ሰዓቷን ለመድኩት። ረፋድ ላይ ገበያ ቀዝቀዝ ሲል፣ አውቶቡስ ፌርማታው አጠገብ ካለችው የቆርቆሮ ሱቄ ሆኜ ስልኬን አየት አየት ማድረግ ጀመርኩ። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ማለት እኔ ነኝ። የተጠራው ሌላ ሰው ነው፤ አቤት የምለው እኔ። ከቀረች ደግሞ ምን ሆና ይሆን እያልኩ እሰጋ ነበር።

ነገሩ ቀልድ መሆኑ ያበቃው የቤቱ ጉዳይ ሲመጣ ነው።

የምኖረው ከልጅነቴ ጀምሮ ከእናቴ ጋር ተከራይተን በኖርንባት ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ነው። የመስኮቱን መዝጊያ የሠራሁት እኔ ነኝ። ግድግዳው ላይ እናቴ ወንበሯን እያስደገፈች ያጎደጎደችው ቦታ አለ፤ ቀለም ስቀባ ያቺን ቦታ እዘላታለሁ። በሩ አጠገብ ካለው ምስማር ላይ የእናቴ ቁልፍ ዛሬም ተንጠልጥሏል። አከራያችን ሲያርፉ ልጆቻቸው ቤቱን ለመሸጥ ቆረጡ። ታላቅየው ጨዋ ልጅ ነው፣ መጥቶ ነገረኝ። «ጋሼ፣ ቅድሚያው የእርስዎ ነው። ነገር ግን እስከ ክረምቱ መውጫ ካልሆነልዎት፣ ገዢ አለን።»

ያጠራቀምኩት ነበረኝ፤ የጎደለውን ልበደር ባንክ ሄድኩ። ኩራትም ነበረኝ። ድሮ የቁልፍ መቅረጫ ማሽኔን የገዛሁት በብድር ነው፤ አንድም ወር ሳላዛንፍ ከፍዬ ጨርሻለሁ። የባንኩ ሰውዬ ኮምፒውተሩን ነካ ነካ አደረገና ፊቱ ተለወጠ። «ጋሼ፣ የብድር ታሪክዎ ተበላሽቷል። ውዝፍ አለብዎት።»

«የማመላለሻው እንዳትለኝ!»

«የማመላለሻው» አለኝ።

ለካ ሳምንት በሳምንት የማወራት ልጅ የምትጠራው ዕዳ እኔው ትከሻ ላይ ተቀምጧል። እሷ ስትደውልልኝ ደስ ሲለኝ ከርሟል፤ ቤቴ በዚያው መንገድ እየሄደ ነበር።

የብድር መረጃ ቢሮ የሚባለው ፎቅ ላይ ነው። መነጽሯ የፊቷን ግማሽ የሚሸፍን አንዲት ልጅ ሪፖርቱን አትማ፣ ቀይ እስክሪብቶ አክላ ሰጠችኝ። «በደንብ ያንብቡትና የእርስዎ ያልሆነው ላይ ያስምሩበት።»

አነበብኩት። ስም፣ የኔ። የአባትና የአያት ስም፣ የኔ። የትውልድ ዓመት፣ የኔ። የጋብቻ ሁኔታ፣ ያገባ። ልጅ፣ አንዲት ሴት። በዱቤ የተገዛ፦ ፍሪጅ፣ የልጅ አልጋ። በብድር የተገዛ፦ የተማሪ ማመላለሻ መኪና። ከታች፣ ከሁሉም ሥር፣ እንደ ተረሳ ዕቃ የቁልፍ መቅረጫ ማሽኔ ተጽፋለች፦ ተከፍሎ ያለቀ።

እስክሪብቶውን እንደያዝኩ ቆየሁ። የልጅ አልጋ የሚለውን ደጋግሜ አነበብኩት። አንድ ሰው አልጋውን ሲመርጥ፣ ሴትየዋ «ይሄኛው ይሻላል» ስትል፣ ልጅቷ ገና ሱቁ ውስጥ ልተኛበት ብላ ስታስቸግር ታየኝ። እዚህ ወረቀት ላይ ደግሞ ያ ሰው እኔ ነኝ። የሰው ወርቅ አያደምቅም ይባላል። እኔ ግን እዚያ ወንበር ላይ ለጥቂት ጊዜ ደምቄ ነበር።

«አልገባዎትም እንዴ፣ ጋሼ?» አለች ባለመነጽሯ። «ሞክሼ አለዎት። ስማችሁ እስከ አያት አንድ ነው፣ የተወለዳችሁት ባንድ ዓመት ነው። መረጃውን ያስገባው ሰው አንድ ሰው መስላችሁት አጣብቋችኋል። ስልኩ የእርስዎ፣ ዕዳው የእሱ ሆኖ ቀረ።»

«ታዲያ ለያዪና! ስም የወጣልኝ ቀን አልነበራችሁ፣ ምን አገባችሁ!»

«እለያያችኋለሁ። ግን ሁለታችሁም እዚህ ቀርባችሁ መፈረም አለባችሁ። ከዚያ ባንኩ ደውሎ ያረጋግጣል። እሱ ሲያልቅ ይጸዳል።» ብጮህባትም ምንም አልመሰላትም። እዚያ ቢሮ የሚመጣ ሁሉ የሚጮህ መሰለኝ።

አሰመርኩ። መጀመሪያ ያሰመርኩት «ያገባ» የሚለው ላይ ነው። መስመሩ ቀጥ አላለልኝም።

የሞክሼዬ አድራሻ ሪፖርቱ ላይ ስለነበር እሑድ ከሰዓት በኋላ አውቶቡስ ተሳፍሬ ሄድኩ። መንገዱን ሁሉ ጠብ ሳጠራቅም ነው የሄድኩት። «አንተ ሰው አታፍርም?» ብዬ ልጀምር ነው፣ ሌላም ሌላም። አጥሩ ጥግ አንድ ቢጫ ማመላለሻ ቆሟል። በሩን ስመታው ቶሎ አልተከፈተም፤ ቁልፉ ከውስጥ ተንገጫገጨ፣ ሰውዬው ተሳደበ፣ ከዚያ ተከፈተ። ግዙፍ ሰው ነው። ፀጉሩ ላይ ቢራቢሮ ያለባቸው የልጅ መያዣዎች ተሰክተዋል።

ጠቡ አፌ ላይ ጠፋብኝ። ስሜን ነገርኩት፤ ከነአባቴ፣ ከነአያቴ።

ሰውዬው አፉን ከፍቶ አየኝ። «የኔን ስም አንተ ምን ታደርግበታለህ?» አለና ድንገት ሳቀ። «ሞክሼ! እስከ አያት?» እቅፍ አድርጎ ከመሬት አነሳኝ። «ነይ እዪው! ሞክሼዬ መጣ!»

ሚስቱ እጇን እያበሰች ወጣች። ልጅቷም ማበጠሪያዋን ይዛ ተከትላ መጣች፤ ለካ ፀጉር ሠሪዋ እሷ ናት። ስሜን ስትሰማ ተራ በተራ አየችን።

«አንተም አባባ ነህ?»

«የአባባ ሞክሼ ነኝ።»

አሰበችበት። «ሌላው አባባ» አለችና ጨረሰችው። እዚያ ቤት ስሜ ይኸው ሆነ።

ጥግ ላይ አልጋው ነበር። ቢጫ ቀለም ተቀብቷል፣ መደገፊያው በጥርስ ተግጧል። እንደሚያውቁት ሰው ሰላም ልለው ምንም አልቀረኝም። ፍሪጁ እንደ ሽማግሌ እያቃሰተ ይሠራል። አብረን በላን። ሞክሼዬ የሚያወራው በሁለት እጁ ነው፤ ሚስቱ ብርጭቆዎቹን ከፊቱ ታርቃለች። ጉዳዩን ሳስረዳው ጭኑን መትቶ ሳቀ።

«እኔ እኮ ባንኩ የረሳኝ መስሎኝ ነበር! ትምህርት ቤት ሲዘጋ ገቢው ቆመ፣ ይኸው ደወሉ ይኸው ደወሉ እያልኩ ስሳቀቅ ማንም አልደወለም። ለካ አንተ ነህ የምትቀበልልኝ! ዕድሜ ይስጥህ፣ ሞክሼ!»

እኔም ሳቅኩ። ከሰው ጋር እንዲያ ከሆዴ የሳቅኩት መቼ እንደነበር አላስታውስም። ስለደዋይዋ ጉንፋን፣ ስለሰጠኋት ምክር ስነግረው እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

ሚስቱ አልሳቀችም። «ከተለያያችሁ በኋላ ለማን ነው የሚደውሉት?» አለች።

«ለሱ» አልኳት፣ ወደ ብርጭቆዬ እያየሁ።

«ሐቅ ነዋ!» አለ ሞክሼዬ። «የኔን ዕዳ እሱ አይሸከምልኝም። ቤቱ ሊሄድበት ነው እያለሽ ነው እኮ። እፈርማለሁ።» ወደኔ ዞረ። «አንተ ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ ወንድሜ ነህ። እሑድ እሑድ እዚህ ነህ። ብቻህን ግድግዳ ስታይ አትውልም።»

ብቻዬን መሆኔን አልነገርኩትም ነበር። እንዴት እንዳወቀ እንጃ።

ከመሄዴ በፊት መሣሪያዬን ከቦርሳዬ አውጥቼ የሚያስቸግረውን የበር ቁልፍ ፈታሁት፣ ጠረግኩት፣ ዘይት ሰጠሁት። ሚስቱ ሞከረችው፤ ድምፅ የለውም። ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለችልኝ። ልጅቷ እስከ አጥሩ ሸኘችኝ። «ሌላው አባባ፣ ነገ ትመጣለህ?» «እሑድ» አልኳት። በአውቶቡሱ ውስጥ ለብቻዬ ፈገግ እያልኩ እንደነበር ያወቅኩት አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ሸሸት ስትል ነው።

በሳምንቱ ውስጥ ቢሮው ተገናኘን። ሞክሼዬ የማይቆምበት ቦታ አቁሞ መኪናውን በመስኮት እየተመለከተ ነበር። ባለመነጽሯ ሁለት ወረቀት ዘረጋችልን። እሱ ሳያነብ ፈረመ። እኔ ቁልፍም ወረቀትም ሳላገላብጥ አልቀበልም፤ አነበብኩ። እኛ ከዚህ በታች የፈረምነው ሁለት የተለያየን ሰዎች ስንሆን፣ በመካከላችን የሥጋም ሆነ የጋብቻ ዝምድና፣ የዋስትናም ሆነ የሥራ፣ ወይም ሌላ ማናቸውም ዓይነት ግንኙነት እንደሌለን፣ አንዳችንም ለሌላው ኃላፊነት እንደሌለብን እናረጋግጣለን፣ ይላል።

«ያልገባዎት አለ?» አለች ልጅቷ።

«ይቺ “ማናቸውም ዓይነት ግንኙነት” የምትለው… ትቀነስ ይሆን?»

«አትቀነስም፣ ጋሼ። ቅጹ እንደዛ ነው።»

«ወረቀት ነው፣ ሞክሼ! ፈርም፣ መኪናዬን ሊያነሱብኝ ነው» አለ፣ ቁልፉን እያንሿሿ።

ወረቀት መሆኑን አጥቼው አይደለም። ሰውዬውን የሰጠኝም ወረቀት ነበረ። ፈረምኩ። ሞክሼዬ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ደረጃውን እየሮጠ ወረደ። ባለመነጽሯ ወረቀቶቹን እያስተካከለች አስጠነቀቀችኝ። «ከእንግዲህ አንዳችሁ የሌላውን ስም ወይም ስልክ የትም ቅጽ ላይ እንዳትሞሉ። ባንኩ ሲደውልም መልስዎ ከዚህ ከፈረሙት ጋር አንድ ይሁን። ከተለያየ ጉዳዩ ተመልሶ ለምርመራ ይሄዳል፤ ምርመራ ደግሞ ወራት ይወስዳል።»

እሑድ ደረሰ። ለልጅቷ የምትሆን ትንሽዬ ጓጉንቸር ገዝቼ፣ ሁለት ሚጢጢ ቁልፍ ቀርጬላት በቀይ ሪባን አሰርኩ። ልጅ ቁልፍ ይወዳል፤ የሚቆልፈው ነገር ባይኖረውም።

በሩ ያለ ድምፅ ተከፈተ። የከፈተችው ሚስቱ ናት፤ ግማሹን ብቻ።

«የለም» አለች።

ማመላለሻው አጥሩ ጥግ ቆሟል። ከውስጥ ሳቁ ይሰማል። «እማማ፣ ማነው?» የምትለው የልጅቷ ድምፅም ተሰማኝ። ሴትዮዋ እንደሰማሁ አወቀች፣ ፊቷ ቀላ።

«አይቀየሙን፣ ወንድሜ። ከፈረማችሁ ወዲህ የባንኩ ስልክ ዕረፍት የለውም። እርስዎ ምን አጠፉ፣ ምንም። ግን እርስዎ ሲመጡ እሱ… እንግዳ ፊት ይስቃል፣ ይጫወታል፣ ባለፈው ከሸኘዎት በኋላ ግን ዕዳውን እያሰበ ሌሊቱን አልተኛም።»

«ገባኝ» አልኳት። ጓጉንቸሯን ሰጠኋት። በሁለት እጇ ተቀበለችኝ፣ አመሰገነችኝ፣ በሩን ዘጋችው። እኔው ዘይት የሰጠሁት ቁልፍ ስለሆነ ሲዘጋ እንኳ አልሰማሁትም።

አልተቀየምኳትም ብል ደስ ባለኝ። እስከ አውቶቡስ ፌርማታው ተቀይሜያት ነበር። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ እያልኩ፣ በራሴ ላይ እየተረትኩ ሄድኩ። ከዚያ ወዲያ ግን ሆድ ባሰኝ እንጂ አልተናደድኩም። ያቺ ሴት እኔም ብሆን የማደርገውን ነው ያደረገችው። ቤቷን ጠበቀች። እኔስ ከዚያ የተለየ ምን እያደረግኩ ነው?

ስልኬ ዝም አለ። የባንኳ ልጅ አሁን የምትደውለው ለትክክለኛው ሰው ነው። ረፋድ ላይ ማሽኑን አጠፋና እቀመጣለሁ፤ ልማድ ክፉ ነው። ደንበኞች ቁልፍ ያስቀርጻሉ። ሁለተኛ ቁልፍ የሚያስቀርጽ ሰው ቤቱ ሰው እየገባ ነው ማለት ነው፦ ያገባ፣ ልጁ ያደገለት፣ እናቱን ያመጣ። ሁሉንም «አንዱን ለራስዎ፣ አንዱን ለቤተሰብ፣ አንዱን ለክፉ ቀን» እላቸዋለሁ። የንግድ ቃሌ ናት። ያኔ ግን «አንዱን ለራስዎ» ካልኩ በኋላ የቀረውን ትቼ ማሽኑን ማስነሳት ጀመርኩ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል የአከራያችን ታላቅየው ልጅ መጣ። «ጋሼ፣ ገዢው አስቸገረን። ከዚህ ሳምንት በላይ ማቆየት አልችልም» አለኝ፣ አንገቱን ደፍቶ። ባንክ ብሄድ የሚቀረው የማረጋገጫው ስልክ ብቻ ነው፣ ይጠብቁ አሉኝ። ጠበቅኩ። ሽንት ቤት ስሄድ እንኳ ስልኬን ይዤ ነበር የምሄደው።

ረፋድ ላይ ጮኸ። ስሜን ከነአባቴ ከነአያቴ ጠራችው።

«ልጄ! ጠፋሽ እኮ!»

«እንደምን ነዎት፣ ጋሼ?» ድምፅዋ ውስጥ ፈገግታ ነበረ፤ ወዲያው ግን አስተካከለችው። «ጥሪው ይቀዳል። ጥያቄዎቹን ባጭሩ ይመልሱልኝ። በዚህ ስልክ የማመላለሻ መኪናው ተበዳሪ ይገኛል?»

«አይገኝም።»

«ከተበዳሪው ጋር ዝምድና አለዎት?»

«የለኝም።»

«ተበዳሪውን በግል ያውቁታል?»

ፀጉሩ ላይ ቢራቢሮ ሰክቶ ከመሬት ያነሳኝ ሰው ነው። አልጋው ላይ ያለውን የጥርስ ምልክት ዐውቃለሁ። ልጁ ስም አውጥታልኛለች። «አዎ፣ ወንድሜ ብሎኛል» ልላት ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። እንዲያ ካልኩ ጉዳዩ ለምርመራ ይመለሳል፣ ሳምንቱ ያልቃል፣ እናቴ ያጎደጎደችውን ግድግዳ ሌላ ሰው በኖራ ይደፍነዋል።

«ጋሼ? ይሰማዎታል?»

«ይሰማኛል።»

«ተበዳሪውን በግል ያውቁታል?»

«አላውቀውም» አልኩ።

«ሚስቱን ወይም ልጁን?»

«አላውቃቸውም።»

ስትጽፍ የቁልፎቹ ድምፅ ተሰማኝ። «ጨርሰናል። ስልክዎን ከዝርዝራችን አውጥቼዋለሁ። ስላስቸገርንዎት ይቅርታ፣ ጋሼ። ከዛሬ ጀምሮ አንረብሽዎትም።»

«አይ፣ እኔ እኮ ብትረብሹኝም…» ብዬ ነበር። ዘግታዋለች።

በማግስቱ ባለመነጽሯ አዲሱን ሪፖርት አትማ፣ ያንኑ ቀይ እስክሪብቶ አስጠግታ ሰጠችኝ። ያላገባ። ልጅ፣ የለም። አንዲት የቁልፍ መቅረጫ ማሽን፣ ተከፍላ ያለቀች። ገጹ ባዶነቱ ያስፈራል። «ስህተት ካለ ያስምሩበት» አለችኝ። ከላይ እስከ ታች ፈለግኩ፣ አጣሁ። እስክሪብቶውን መለስኩላት።

ቤቱን ገዛሁ። ታላቅየው ልጅ እጄን ጨብጦ «እንኳን ደስ ያለዎት፣ ጋሼ፣ አሁን የቤት ባለቤት ነዎት» አለኝ፤ እውነትም ደስ ብሎኛል፣ መስኮቱን ከፍቼ ዘጋሁት፣ የኔ ነው። ለአዲስ ባለቤት ሁሉ እንደምመክረው የበሩን ቁልፍ ቀየርኩት። አሮጌው የእናቴ ቁልፍ ከእንግዲህ የሚከፍተው በር የለም፤ ምስማሩ ላይ ግን ተውኩት። አዲሱ ቁልፍ ከፋብሪካው የሚመጣው ሦስት መክፈቻ በቀጭን ሽቦ ታስሮለት ነው። አንዱን ፈትቼ ኪሴ ከተትኩ። ሁለቱ እስከ ዛሬ ጠረጴዛው ላይ ናቸው፤ ከሽቦው አልፈታኋቸውም።